ሃምሳ ሰባት ካሬ

"ሦስት መቶ አርባ ሁለት። የበረንዳው አሥራ አራት ሲጨመር ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት" አለ ሽማግሌው። የጃንጥላውን ጫፍ ከመጨረሻው ሴራሚክ ላይ አነሳና ቀና አለ።

ባዶው ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። ሴት ልጁ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። ደላላው መስኮቱ ጋ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋን አቋርጣ ስለመጣች ቀሚሷ ላይ ነጭ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። ሽማግሌው ጃንጥላውን እያነሳ እየጣለ ከክፍል ክፍል ሲዞር፣ ቁልፏን እንደያዘች ግማሽ ሰዓት ሙሉ በዓይኗ ተከተለችው።

"እና ስንት መጣ ፋዘር?" አለ ደላላው።

ሽማግሌው አልቸኮለም። መቶ ሴራሚክ አሥራ ስድስት ካሬ ነው። ሦስት መቶው አርባ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስቱ ዘጠኝ። ይህን ሒሳብ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው ስለኖረ ወረቀት አያስፈልገውም።

"ሃምሳ ሰባት" አለ።

ባለቤቲቱ አልገባትም። "ምኑ ነው ሃምሳ ሰባት?"

"ቤቱ። ሰባ ሁለት ካሬ ነው ብለውናል። ሃምሳ ሰባት ነው። አሥራ አምስቱን ካሬ የምንከፍለው ለአየር ነው።"

ልጁ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። ደላላው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በዚያ ሰፈር ቤት የሚከራየው በካሬ ሜትር ነው። ድሮ ባለ አንድ መኝታ፣ ባለ ሁለት መኝታ ይባል ነበር፤ ተከራይና አከራይ በክፍሎቹ ብዛት ይስማማሉ። ፎቆቹ ሲበዙ ሁሉም በካሬ ሆነ። አሁን አንዱ ካሬ በወር ሦስት መቶ ነው። ስለዚህ ካሬውን በአፉ ያሳደገ አከራይ በየወሩ ከሰው ኪስ ይወስዳል። ሽማግሌው ይህን በዓይኑ አይቷል። ሴራሚክ ያነጥፍባቸው በነበሩት ሕንፃዎች ውስጥ ባለሕንፃዎቹ ደረጃውንና የጋራ መተላለፊያውን ሳይቀር ለየቤቱ አካፍለው ሲሸጡ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ስፋት የሰው ቃል አይቀበልም። ይቆጥራል።

ሠራተኞች ውሃ ልክ ይሉት ነበር። ውሃ ልክ ወለል ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን የሚያሳየው መሣሪያ ነው። እሱ ግን መሣሪያውን ከቦርሳው ሳያወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ይሄ ሁለት ሚሊ ወደ መስኮቱ ወርዷል" ይላል፤ ሲለካም ወርዶ ይገኛል። ስሙ ከዚያ መጣ፤ እሱም አልጠላውም። ሥራውን ያቆመው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ጉልበቶቹ እምቢ አሉት። ሴራሚክ አንጣፊ ቀኑን የሚውለው በጉልበቱ ነው፤ ጉልበት ካለቀ ሙያውም አለቀ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወለል ላይ ተንበርክኮ አያውቅም። የሚቆጥረው ቆሞ በጃንጥላው ጫፍ ነው።

ባለቤቲቱ ቤቱን የገዛችው ሰባ ሁለት ካሬ በሚል ወረቀት እንደሆነ፣ ወረቀቱም እስከ ዛሬ እንዳለ ነገረችው። እሱም ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ እንደሚሸከም ነገራት።

"እኔ ሰው አታልዬ አላውቅም" አለች። ድምፅዋን አላነሳችም።

"እርስዎን አላልኩም። የሠራውን ሰውዬ ነው።"

ወለሉን አየች። የራሷን ወለል የሌላ ሰው እንደሆነ ያህል ትኩር ብላ ካየችው በኋላ እንደምታስብበት ተናገረች። በዘጠኝ ሰዓት ሌሎች ሰዎች ቤቱን ለማየት እንደሚመጡም አልደበቀችም። ከዚያ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ቆለፈች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ልጁ ክርኑን ደግፋ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረደችው። ደላላው ቀድሟቸው ወርዶ ነበርና ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። አልተናገረችም። ሽማግሌው ዝምታዋን ያውቀዋል፤ እናቷም እንዲህ ነበረች።

"ሳሎኑ ሰፊ መስሎሽ ነው" አላት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ሲቆሙ። "ባዶ ቤት ይዋሻል። ዕቃ ሲገባበት ነው ልኩ የሚታወቀው።"

መንገድ ላይ ሲደርሱ ክርኑን ለቀቀች።

"አባዬ፣ ስንተኛ ቤት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አሥራ አንደኛ።"

"እሱንም ቆጥረሃል ማለት ነው።"

ሽማግሌው የጃንጥላውን ጫፍ መሬት ላይ ተከለ።

"ሰባ ሁለትም ይሁን ሃምሳ ሰባት እኔ ወድጄዋለሁ" አለች። "ዋጋውንም እችለዋለሁ ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረን። የምንኖርበትን ቤት ባለቤቱ ለልጁ ሊሰጠው ነው፤ አንድ ቀን አይጨምርልንም።"

"ለሌለ ነገር ክፈይ ልበልሽ?"

"አትበለኝ። ልክ ነህ። አሥራ አንዱም ቤት ላይ ልክ ነበርክ። ልክ እንደሆንክ ውጭ ልናድር ነው።"

ይህን ያለችው ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር ትሠራለች፤ የቤት ኪራይ ከተወደደ ወዲህ ደግሞ እሑድንም ጨምራለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ሰዓቷን አይታ ሥራ እንደረፈደባት፣ ቤት ሲደርስ ምሳውን እንዲበላ ነገረችውና ሚኒባስ ይዛ ሄደች።

ሽማግሌው ወደ ቤት አልሄደም። በጥላው በኩል ቀስ እያለ ዋናውን መንገድ ይዞ ወረደ።

ልጁ የማታውቀው ሌላ ቆጠራ አለው። በየቤቱ መጀመሪያ የሚቆጥረው ትንሹን መኝታ ቤት ነው። ትንሹ መኝታ ቤት የእሱ ነው። የዛሬው ስምንት በሰባት ነበር፤ ሃምሳ ስድስት ሴራሚክ፣ ዘጠኝ ካሬ። ዘጠኝ ካሬ በሦስት መቶ ሲባዛ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ነው። ልጁ በየወሩ ለአባቷ ክፍል የምትከፍለው ያን ያህል ነው ማለት ነው። እሷና ሕፃኗ ብቻ ቢሆኑ ባለ አንድ መኝታ ይበቃቸዋል፤ ባለ አንድ መኝታ ደግሞ በሰፈሩ ሞልቷል። ይህን አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም። ያላለችውን ነገር ግን እሱ እያባዛ ያድራል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ከተማ ለሚኖረው ወንድ ልጁ ደውሎ ነበር። ልጁ ደስ ብሎት፣ "ና አባባ፣ ሶፋው ይዘረጋል" አለው። ከበስተኋላ የሚስቱ ድምፅ ሲቋረጥ ተሰማ። ሽማግሌው አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ይህ አሥራ አንደኛው ቤት ካልሆነ ወሩ ሲያልቅ እዚያ እንደሚሄድ በልቡ ቆርጧል። ለማንም አልነገረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አላስኬድ አለው። አጠገቡ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ነበር፤ ቧንቧ፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ። ባለሱቋን ሰላም ብሎ ደጁ ላይ ከተደረደሩት ካርቶኖች አንዱ ላይ ተቀመጠ። እሷም ውሃ አቀብላው ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ለናሙና የተደገፉ ሴራሚኮች አሉ። አንደኛውን ወዲያው አወቀው። ነጣ ያለ ነው፤ ቀጭን ቡናማ መስመር አለበት። ጠዋት የቆጠረው ራሱ ነው።

"ይሄን ዛሬ አንድ ቤት አይቼዋለሁ" አላት።

እሷም ይህ ያልገባበት ቤት በሰፈሩ እንደሌለ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳመጡት፣ አሁን ግን ሰው ፋሽኑ አልፎበታል እንደሚል ነገረችው።

እጁን ዘረጋ። ያደረገው ለልክ አልነበረም። ሴራሚክ አጠገቡ ሲሆን እጁ መዳሰስ ይወዳል። አውራ ጣቱን ከዳር አድርጎ ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። የእሱ ስንዝር ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ አንጣፊ የስንዝሩን ልክ እንደ ልደቱ ቀን ያውቃል። አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር። ሁለተኛው ስንዝር ዳር አልደረሰም። ሦስት ጣት ተረፈ።

ከሌላው ጎን ጀመረ። ሦስት ጣት ተረፈ።

"የእኔ ልጅ፣ ይሄ ስንት በስንት ነው?"

"አርባ አምስት በአርባ አምስት።"

"አርባው የትኛው ነው?"

"አርባ የለንም አባባ። አርባማ ድሮ ቀረ" አለች ቀና ሳትል። "አሁን ያለው አርባ አምስትና ስልሳ ነው። አርባ ብሎ የሚመጣ ካለ አሮጌ ቤት የሚጠግን ነው።"

እጁን ከሴራሚኩ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው።

እሱ በሠራበት ዘመን ሁሉ የወለል ሴራሚክ አርባ ነበር። አርባን በዓይኑ አይለካውም ነበር፤ ወለል ባየ ቁጥር ዓይኑ አርባ ብሎ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ጠዋት ተንበርክኮ ቢሆን ኖሮ እጁ ይነግረው ነበር። ቆሞ ስለቆጠረ የነገረው የለም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበ። አምስቱ አንድ ካሬ ከጥቂት ይሸፍናሉ። ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስትን ለአምስት አካፈለ፤ ሰባ አንድ፣ አንድ ሴራሚክ ተረፈ። ጥቂቶቹን ሰበሰባቸው። ሰባ ሁለት ሆነ። የቤቱ ባለቤት አንድ ካሬ አልጨመረችም።

ባዶ ቤት ይዋሻል ብሎ ነበር። ሳሎኑ ለእሱም ሰፍቶ ታይቶት ነበር፤ ዓይኑን ሳይሆን ቁጥሩን አመነ።

ከዚያ ሌሎቹ ቤቶች መጡበት። ሦስተኛው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው፣ ወለሉ ይሄው መስመር ያለበት ነው። ስምንተኛውም እንዲሁ። ስድስተኛው የሁለት እህትማማቾች ቤት ነበር። ሴቶቹ ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፤ ሻይም አፈሉለት። ቆጥሮ ሲጨርስ፣ "ለአሥር ካሬ ውሸት ሻይ አነሰ" ብሏቸው ወጣ። ታናሽየዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ሄዶ አይለቅመውም።

ስልኩ ጠራ። ልጁ ናት።

"አባዬ፣ ተቀበለች" አለች።

"ማን?"

"ባለቤቲቱ ናታ። ደላላው አሁን ደወለልኝ። ሃምሳ ሰባት ይሁን አለች። የዘጠኝ ሰዓቶቹንም አትምጡ ብላቸዋለች።"

ድምፅዋ የዱሮ ድምፅዋ ነበር። እንዲህ ሆና ካወራችው ዘመን የለውም። አለቃዋን አስፈቅዳ በዘጠኝ ሰዓት እንደምትመጣ፣ ውሉን ዛሬውኑ እንደሚፈራረሙ ነገረችው። ከዚያ ጨመረች።

"ሒሳቡን ሠራሁት። የእሑዱን ሥራ እተወዋለሁ። እሑድ እሑድ ከልጄ ጋር ልውል ነው አባዬ።"

"ደግ" አለ።

"በቅድሙ ነገር ደግሞ አትቀየመኝ። አንተ ባትቆጥር ይሄ አይገኝም ነበር።"

አልቀየምኩሽም አላት። ሌላም ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ደንበኛ መጣብኝ ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዘ ተቀመጠ። የሠራው ስሕተት ከአሥራ አምስት ካሬ ኪራይ ገላገላቸው። የእሱ መኝታ ቤት ዘጠኝም ቢሆን፣ አሁን እንደታወቀው አሥራ አንድ ካሬ ከምናምን ቢሆን፣ ከአሥራ አምስቱ ውስጥ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ልጁ ለእሱ ምንም አትከፍልም ማለት ነው። ወንድ ልጁ ሶፋ ላይ ሊያድር የሚሄድበት ምክንያትም አይኖርም። ሴትዮዋ በራሷ አፍ ተስማምታለች። ሴራሚክ የሚቆጥር ሌላ ሰው በሰፈሩ የለም።

ለባለሱቋ ምስጋና አቅርቦ ተነሳ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እዚያው ሕንፃ ደርሶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ምድር ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ላይኛውን ቤቷን ከማከራየት የምታገኘው መተዳደሪያዋ ስለሆነ፣ አልጋዋንና ሥራዋን እዚህ ይዛ ወርዳለች። ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አልጋ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሽማግሌውን ስታይ ከወንበር ላይ ጨርቆቹን አንስታ እንዲቀመጥ ጋበዘችው። ልጁና ደላላው ገና እንዳልመጡ ነግራው ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የተማሪ ሸሚዝ እጅጌ እየገጠመች ነበር።

"አልተቀየምኩዎትም" አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። "ሰው ስለካ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሰው መጥቶ ጠበበኝ ሲለኝ አልከራከርም፤ እንደገና እለካለሁ። ዛሬም እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ልለካ ተመልሼ ወጥቼ ነበር።"

"ለኩት?"

"የእኔ ሜትር የሰው ወገብ ነው የሚችለው። ሁለቴ ካጎነበስኩ በኋላ የራሴው ወገብ አልታዘዝ ሲለኝ ተውኩት።"

"ሌላ ሰው ልከው ቢያስለኩ ይሻል ነበር።"

"ለምን ብዬ? ደላላው ማን እንደሆኑ ነገረኝ። ውሃ ልክ ይሉዎት ነበር አሉ። ሙያ ያለው ሰው የነገረኝን ካላመንኩ ነገ እኔን ማን ያምነኛል?"

እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ከእነሱ በፊት ላይ ቤት አራት ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት እንደነበሩ ነገረችው። አራቱንም ዓመት የሰባ ሁለት ካሬ ከፍለዋል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ለሴትየዋ ደውላ ሳላውቅ ትርፍ ስወስድባችሁ ኖሬአለሁ፣ በትንሽ በትንሹ እመልሳለሁ ብላታለች። ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ገንዘብ ልመልስልሽ ብሎ የደወለልኝ አከራይ በሕይወቴ አላየሁም አለቻት። ቀጥላም እንደቸገራቸው፣ ከላከችላቸው እንደማይጠሉ ነገረቻት።

"እንዴት አድርገው ሊመልሱ ነው?" አለ ሽማግሌው።

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ያለችውን ሁለተኛዋን መኪና በአገጯ አሳየችው። "ያቺን እሸጣለሁ። የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝም ናት፤ ጥሩ ታወጣለች። ለመጀመሪያው ይሆናል።"

መኪናዋ ንጹሕ ጨርቅ ለብሳለች። አዲስ ናት። ሽማግሌው ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ፤ ልጁ እየገባች ነበር።

እየሮጠች መጥታ ኖሮ ታለከልካለች። ልብስ ሰፊዋን ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት፣ አባቷን ትከሻውን ነካ አደረገችው። ደላላው ተከትሏት ገባ። የውሉን ወረቀት ከፕላስቲክ አውጥቶ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የታተመ ነው፤ የሚሞሉት ባዶ ቦታዎቹ ብቻ ናቸው። የአከራይ ስም ተሞልቷል፣ የተከራይ ስም ተሞልቷል፣ የአንዱ ካሬ ዋጋ ተሞልቷል። የቤቱ ስፋትና የነዋሪ ብዛት ባዶ ናቸው።

"ስፋቱን ሳትሞላ ተወው ብዬው ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። ብዕሩን ከደላላው ተቀብላ ለሽማግሌው ዘረጋችለት። "እርስዎ ይጻፉት። የቆጠሩት እርስዎ ነዎት።"

"ኧረ ፋዘር ይፍጠኑ" አለ ደላላው። "ሌላ የሚቀንሱት ካለ ደግሞ ለእኔ ይዘኑ፤ ካሬው ሲወርድ የእኔም እንጀራ አብሮ ነው የሚወርደው።"

ልጁ ሳቀች። ሽማግሌው ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ወረቀቱን በግራ እጁ አስተካከለው፤ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አገጣጠመው። ከዚያ ሰባ ሁለት ብሎ ጻፈ። ሁለቱን አኃዞች ሥራ ላይ እያለ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጽፍ እንደነበረው ትልልቅ አድርጎ ነው የጻፋቸው።

ልጁ በትከሻው በኩል አየች።

"አባዬ፣ ተሳሳትክ።"

"አዎ። የተሳሳትኩት ጠዋት ነው።"

ደላላው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

"ሴራሚኩ አርባ አምስት ነው። እኔ አርባ አድርጌ ነው የቆጠርኩት" አለ። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። "ወረቀትዎ እውነት ነው። ሰባ ሁለት ከትንሽ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናዋንም እንዳይሸጡ።"

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን የተማሪው ሸሚዝ ላይ አጋደመች። "እንደገና ለክተው ነዋ የመጡት" አለች።

ደላላው ቀና ደፋ አለና፣ ወረቀቱ ከተበላሸ ሌላ እንዳለው በጨዋነት ተናገረ።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለች ልጁ።

"ምሳ ሰዓት ላይ።"

"ስደውልልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አየችው። እሱም ፊቱን አላዞረባትም። ከተነገረ አይቀር የቀረውንም ነገራት። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ቤት፣ ስምንተኛው፣ ሻይ ያፈሉለት የሁለቱ እህትማማቾች ቤት፤ እነሱም እንዳልዋሹ፣ የዋሸው የእሱ ዓይን እንደሆነ ነገራት። በአጭሩ ነው የነገራት፤ አንድ ቤት ባለፈ ቁጥር ጣቱን ያጥፍ ነበር። ልጁ የታጠፉትን ጣቶች አየች።

ሽማግሌው ብዕሩን ገና አላስቀመጠም። ከስፋቱ ቀጥሎ ያለው የነዋሪ ብዛት ነው። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

"ወንድምሽ ና ብሎኛል" አላት። "ሰባ ሁለቱ ከከበደሽ ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት በዚህ ሰፈር ሞልቷል። አሥራ ሁለት ቀን ይበቃል።"

"ለወንድሜ አንተ ነህ የደወልክለት?"

"እኔ ነኝ።"

"የት ሊያስተኛህ?"

ደላላው ወደ ግድግዳው ዞሮ የተሰቀሉትን ልብሶች ማየት ጀመረ።

ልጁ እጇን ዘርግታ ብዕሩን ከጣቶቹ መሃል ወሰደችው። "ካሬውን አንተ ቆጥረሃል" አለችው። "የሰዉን ቁጥር እኔ ነኝ የማውቀው።" ጎንበስ ብላ ሦስት ብላ ጻፈች፤ ከግርጌው ፈረመችና ወረቀቱን ወደ ልብስ ሰፊዋ ገፋ አደረገችው።

ልብስ ሰፊዋ ከመፈረሟ በፊት መነጽሯን ፈለገች። ዕቃቸውን መቼ እንደሚያስገቡ፣ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ እሑድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቢሆን እንደሚሻል ተናገረች።

"እሑድ አይመቸኝም" አለች ልጁ። "ሥራ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እንገባለን።"